ሆልም ኮሌጅ ምድብ የቀየረበት ዘመን

ማርሊስ ትቬትን ያወቅኋት ሁለታችንም ወጣት ሳለን ነው። እኔ በሆልም ኮሌጅ ስፖርት ክፍል የልጆቹን ቁርጭምጭሚት የምጠቀልል፣ ያበጠ ጉልበት ላይ በረዶ የማስር ሠራተኛ ነበርኩ፤ እሷ የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር በአንድ አውቶቡስ፣ በበረዶ በተሸፈነው የአዮዋ በቆሎ ማሳ መሃል ስንመላለስ ኖርን። ረጅም ሴት ናት። ጨዋታ ሲጀመር ወንበር ላይ አትቀመጥም፤ ከመስመሩ ዳር ቆማ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመች «እግር! እግራችሁን አንቀሳቅሱ!» ስትል ድምጿ አዳራሹን ይሞላዋል። በጨዋታ የምትጮኸውን ያህል ከሜዳ ውጪ ዝምተኛ ናት።

ባሏ ሮጀር የኮሌጁ ኦርጋን ተጫዋችና የመዘምራን መሪ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በኳስ ደንታ የለውም። ሆኖም የሚስቱ ቡድን በሜዳችን ሲጫወት አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ከላይ ጥግ ላይ ይቀመጥና የዜማ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በእርሳስ እየጫረ፣ ሰዉ ሲጮህ ብቻ ቀና ይላል። «አገባን?» ብሎ አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል። ልጆቹ ይሄን ስለሚያውቁ፣ ሲያሸንፉ ወደ ላይ እያዩ «ፕሮፌሰር፣ አግብተናል!» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

የነገሩ መነሻ ቴሳ ብራንድቮልድ የምትባል የገበሬ ልጅ ናት። ማርሊስ ይህችን ልጅ ገና ጥርሷ በሽቦ ታስሮ ሳለ ነው ያየቻት። ሦስት ክረምት ሙሉ በየገጠሩ ትምህርት ቤት አዳራሽ እየዞረች ስትከታተላት ቆየች፤ ልጅቷም «የምመጣው ሆልም ነው» ብላ ነበር። በመጨረሻው ዓመት፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ አባትየው ላይል ደውሎ «እስቲ ብቅ በይ» አላት። ስትደርስ ከከብቶቹ በረት በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ወደ ቤት ግቢ አላላትም፤ ያኔውኑ ገባት።

«ማርሊስ፣ ምን ብዬ እንደምነግርሽ ጠፍቶኛል» አላት ኮፍያውን እያሽከረከረ። «ዊትሞር ምንም አትከፍሉም አሉን። ምግቡንም፣ መኝታውንም፣ መጽሐፉንም።»

«ለኳስ መክፈል እኮ በእኛ የውድድር ምድብ ክልክል ነው፣ ላይል።»

«እኔም እንደዚያ አልኳቸው። ለኳስ አይደለም አሉኝ። አባቷ ስለሌለው ነው አሉኝ።» ሳቅ አለ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። «ዕድሜዬን ሙሉ ድህነቴ ጠቅሞኝ አያውቅም ነበር። አሁን ጠቀመኝ። ምን ላድርግ? ያንቺ ኮሌጅ የጠየቀንን ለመክፈል እኮ ግማሹን ላም መሸጥ ነበረብኝ።»

ማርሊስ ጨብጣው ተመለሰች።

ዊትሞር ኮሌጅ ከእኛ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው። ሁለቱንም የመሠረቷቸው አንድ ዓይነት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፤ ድንጋዩ እንኳን ከአንድ ካባ የወጣ ነው ይባላል። ልዩነቱ የመጣው ከልጆቹ ነው። ከዊትሞር ተመራቂዎች መካከል የእርሻ መሣሪያ የሚያመርቱ፣ ኢንሹራንስ ድርጅት ያቋቋሙ ሰዎች ወጡ፤ ሲሞቱ ሀብታቸውን ለኮሌጃቸው አወረሱ። የእኛዎቹ ፓስተር፣ አስተማሪና ነርስ ሆኑ፤ እነሱም ከጡረታቸው ቀንሰው የአቅማቸውን ይልካሉ። ያ ሁሉ ስጦታ በየኮሌጁ ቋሚ ፈንድ ውስጥ ይቀመጣል። ዋናው አይነካም፣ ትርፉ ብቻ ነው የሚበላው። የሁለቱን ፈንድ በተማሪ ቁጥር ብታካፍሉት የዊትሞር ልጅ ድርሻ ቤት ይገዛል፤ የእኛዋ ልጅ ድርሻ ያገለገለ መኪና። ኳስ ሜዳ ላይ የምንገናኘው እንግዲህ ይሄን ተሸክመን ነው። አምስት ለአምስት እየተባለ።

ከቴሳ በኋላ ማርሊስ ተለወጠች። በፊት ስንሸነፍ «ልጆቹ ደክሟቸው ነው» ትል ነበር፤ አሁን በአውቶቡስ ስንመለስ የዊትሞርን አዲስ አዳራሽ በመስኮት እያየች «ይሄ ጣሪያ የማን ገንዘብ ነው?» ትላለች። የዊትሞር አሰልጣኝ ፓት ኮሪጋን ጨዋታ ሲያልቅ እጇን ስትዘረጋላት፣ ማርሊስ የምትጨብጣት ጣቷን ብቻ ነበር።

እንግዲህ ልቧ እንደዚህ በቆሰለበት ሰዓት ነው ክሬግ ሊንዴል የሚባለው አዲሱ ፕሬዚዳንት የመጣው። ሰውየው አፉ ማር ነበር። የሁሉንም ሰው ስም በመጀመሪያው ሳምንት ያዘ፤ እኔን እንኳን «ዶና፣ እነዚህ ጉልበቶች ያለ አንቺ ምን ይውጣቸዋል?» ይለኝ ነበር። መምህራኑን በአዳራሽ ሰበሰበና ግድግዳው ላይ ሁለት ዓምድ አሳየን፦ አንዱ የዊትሞር ፈንድ፣ ጣሪያ የሚነካ፤ ሌላው የእኛ፣ ከወለሉ ብዙም የማይነሳ።

«ዊትሞርን በዊትሞር መንገድ መቶ ዓመት ብንሞክር አናሸንፈውም» አለ። «ከእነሱ ምድብ እንውጣ። ለስፖርተኛ ነጻ ትምህርት መስጠት ወደሚፈቀድበት ወደ ላይኛው ምድብ እንግባ። ስማችን በጋዜጣ ይወጣል፤ ተማሪ ይመጣል፤ ተማሪ ሲመጣ ገንዘብ ይመጣል።»

የኬሚስትሪ መምህርቷ አርዲስ ኳም ከፊት ተነሣች። ጠባብ ትከሻ ያላት፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። «እስኪመጣ ድረስ በምን እንኖራለን?»

«ከቋሚው ፈንድ ትንሽ እንወስዳለን። ለጥቂት ዓመት። መልሰን እንተካለን።»

«የሞቱ ሰዎች ሳይነካ ይቀመጥ ብለው የሰጡትን?»

ያን ጊዜ ማርሊስ ተነሣች። በስብሰባ ስትናገር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስለ ቴሳ አወራች፤ ስለ ላይልና ስለ ላሞቹ። «እኔ ልጆችን ቤታቸው ድረስ ሄጄ የማመጣ ሰው ነኝ» አለች። «ደጃፍ ላይ ቆሜ እመለሳለሁ። የምሰጠው ነገር የለኝማ! ገንዘብ ካለን ለምንድነው የምናስቀምጠው? ለማን?» ሰው አጨበጨበ። ቦርዱም በቀጣዩ ወር ወሰነ። ብዙዎች እንደሚሉት የሊንዴል ዓምዶች ሳይሆኑ የማርሊስ ንግግር ነው ነገሩን ያስወሰነው።

ሮጀር በዚያ ስብሰባ ሦስት ወንበር ርቆ ተቀምጦ ነበር። ጫማውን ሲያይ ነው የዋለው። መኪና ውስጥ እንደገቡ ጠየቀችው።

«ምነው ዝም አልክ?»

«ጥሩ ተናገርሽ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩህ።»

«ማርሊስ፣ የኦርጋኑ ቧንቧ የሚጠገነው ከዚያው ፈንድ ነው። አንዲት የሞተች ፒያኖ አስተማሪ በተወችው ገንዘብ። ሌላ የምለው የለኝም።»

«ለቧንቧ የሚሆን አይጠፋም» አለችው። እሱም «እሺ» አለ።

የመጀመሪያው ዓመት እውነትም ደስ ይል ነበር። ማርሊስ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰጥ ነገር በእጇ ይዛ ወጣች። ሮክፎርድ ከተማ ሄዳ ጃኔል ረስክን ያገኘችውም ያኔ ነው። ጃኔል ፈጣን፣ ተረበኛ፣ ኳስ በግራ እጇ የምትወረውር ልጅ ነበረች። እናትየው ዴኒስ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ ከሥራ እንደመጣች የደንብ ልብሷን ሳታወልቅ በአይብ የተጋገረ መኮሮኒና ጎመን አቅርባ አበላቻት። ከዚያ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አፈጠጠችባት።

«ወይዘሮ ትቬት፣ እኔ ቆንጆ ወሬ አልወድም። ስንት ዓመት ነው የምትከፍሉላት?»

«አራት።»

«እግሯ ቢሰበርስ?»

«አራት ዓመት ነው፣ ወይዘሮ ረስክ።»

ጃኔል ከኋላ «እማ፣ እግሬ ላይ አታሟርቺ እንጂ!» አለች፤ ሦስቱም ሳቁ።

የስኮላርሺፑ ወረቀት የሚለው ግን «በየዓመቱ የሚታደስ» ነው። ማርሊስ ይሄን ታውቃለች፤ የሁሉም ኮሌጅ ወረቀት እንደዚያ ነው፣ የሚያድሱትም ሁሉም ናቸው። ሊንዴልን ጠይቃው «ምን ጥያቄ አለው?» ብሏታል። እሷም አመነች፤ ማመን ፈልጋ ነበርና።

ላይኛው ምድብ ግን እንዳሰብነው አልሆነም። እኛ ለስምንት ልጆች ስንከፍል፣ የምንገጥማቸው ለሁሉም ይከፍላሉ፤ የእነሱም ጀርባ ላይ የእኛን አሥር እጥፍ ፈንድ ወይም የመንግሥት በጀት አለ። እስከ ዳኮታ ድረስ በአውቶቡስ እየተጓዝን፣ ሞቴል እያደርን፣ በሠላሳ ነጥብ ተቀጥቅጠን እንመለሳለን። የልጆቹን እግር ስጠቀልል «ዶና፣ ዓይናችንንም ሸፍኝልን፤ ውጤቱን እንዳናይ» ይሉኝ ነበር። ጋዜጣው ስለ እኛ ሁለት ጊዜ ጻፈ፤ ሁለቱም ስለ መሸነፋችን። ይመጣል የተባለው ተማሪ አልመጣም። በሁለተኛው ዓመት መከር ላይ ደግሞ የአክሲዮን ገበያው ወደቀ፤ ከፈንዱ በወሰድነው ላይ ሌላ ጉድጓድ ጨመረ። ዊትሞርም ከሰረ፤ ግን የእነሱ እንደ ወፍራም ሰው መክሳት ነበር። እኛ አጥንታችን ወጣ።

የገና በዓል ሳይደርስ ቅነሳው ተጀመረ። መጀመሪያ የጀርመንኛ ክፍል፣ ቀጥሎ የሙዚቃ።

ሮጀር ቢሮ ተጠርቶ ሲመለስ ማርሊስ ሳሎን ቁጭ ብላ የሚቀጥለውን ጨዋታ ፊልም እያየች ነበር። ካፖርቱን አልሰቀለም።

«እስከ ግንቦት ነው» አላት።

«ምኑ?»

«እኔ።»

ፊልሙን አቆመችው። «አንተን? ሃያ አራት ዓመት ያገለገልከውን?»

«መዘምራኑን አንድ ተማሪ ይመራዋል አሉ። ኦርጋኑ ይዘጋል።» ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ሊንዴል ሲሸኘኝ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አይዞህ፣ የማርሊስ ቡድን እያደገ ነው።› ሊያጽናናኝ እኮ ነው።»

«ሮጀር፣ ነገ ሄጄ...»

«የት ትሄጃለሽ? ምን ትያለሽ? የጃኔልን ቀንሱና ለባሌ ስጡ ትያለሽ?»

ይሄን ስትነግረኝ በመታሻው አልጋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ልጆቹ እስኪገቡ። «ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። አልጮኸባትም። እራት ያበስላል፣ በረዶ ይጠርጋል፣ «ደህና ዋልሽ?» ይላታል። ወደ ጨዋታ መምጣቱን ግን ተወ። የላይኛው ጥግ ባዶ ሆነ። ልጆቹም መቀለዱን ተዉት፤ እሷም ወደዚያ ማየት።

በፀደዩ ዊትሞር ሮጀርን ለሥራ ጠራው። ለኦርጋን ተጫዋች ደመወዝ ብቻ ተብሎ ከስልሳ ዓመት በፊት የተተወ ገንዘብ አላቸው፤ ገበያ ወደቀ አልወደቀ ሌላ ነገር ላይ አይውልም። ሮጀር ይሄን ሲነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ሳቋ ሲቆም አለቀሰች። እሱ ትከሻዋን ነካ አድርጎ «ነገ በጠዋት ነው የምሄደው፤ መኪናው ላይ ነዳጅ አለ?» ብሎ ጠየቃት።

በዚያው ሰሞን ሊንዴል በሌላ ግዛት ትልቅ ሥራ አገኘና ሄደ። ኬክ ቆርሰን ሸኘነው። ቦርዱ አርዲስ ኳምን ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት አደረጋት። አርዲስ በሁለተኛው ሳምንት ማርሊስን ጠራቻት። ጠረጴዛው ላይ ከኬሚስትሪ ክፍል ያመጣችው አሮጌ መብራት ነበር።

«ወደ ድሮው ምድባችን እንመለሳለን» አለቻት። «የሚቀጥለውን ዓመት የስፖርት ስኮላርሺፕ ማደስ አልችልም።»

«አርዲስ፣ እኔ አራት ዓመት ብያለሁ። በአፌ። እናቶቻቸው ቤት ቁጭ ብዬ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም!»

አርዲስ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሻሸች። «ማርሊስ፣ በሐምሌ ለወጥ ቤት ሠራተኞቹ ደመወዝ የምከፍለው ከየት እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። በቁጭት የምናገር እንዳይመስልሽ። ልጆቹን የሚጎዳ ነገር ላይ ትክክል ሆኜ መገኘት ምንም አላስደሰተኝም። ከፈለግሽ ለልጆቹ ከቢሮ ይነገራቸው።»

«አይሆንም» አለች ማርሊስ። «እኔ ነኝ ያመጣኋቸው።»

ልጆቹን ሜዳው መሃል ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ አደረገች፤ እኔም በር አጠገብ ቆሜ ነበር። ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። ምንም ምክንያት አልደረደረችም፤ «ቃል ሰጥቼ አጠፋሁ» አለች። አንዷ ወዲያው ማልቀስ ጀመረች። ሌላዋ ተነሥታ ወጣች። ጃኔል ኳሱን በእግሮቿ መሃል ይዛ ቁልቁል ስታየው ቆየችና ቀና አለች።

«ኮች፣ ያን ቀን ማወቅዎን ብቻ ይንገሩኝ። የእማን ምግብ እየበሉ፣ ይሄ ሊሆን እንደሚችል ያውቁ ነበር?»

ማርሊስ መለሰችላት። «ሊሆን እንደሚችል አውቅ ነበር። አይሆንም ብዬ ነው።»

«እሺ» አለች ጃኔል። ኳሱን በቀስታ ወደ እሷ አንከባለለችላትና ወደ ልብስ መቀየሪያው ሄደች።

ማርሊስ በሚቀጥሉት ሳምንታት ስልክ ላይ ነበር የምትውለው። ለሦስት ልጆች በሌሎች ኮሌጆች ቦታ አገኘች። ሁለቱ ቤታቸው ተመለሱ፤ አንዷ እስከማውቀው ትምህርት አልቀጠለችም። ሁለቱ እየተበደሩ እኛው ጋ ቀሩ። ለጃኔል ስትል ግን ልትደውልለት የማትፈልገው ሰው ዘንድ መደወል ነበረባት። እኔ ክፍል ውስጥ ሆና ነው የደወለችው፤ «ብቻዬን ከሆንኩ እዘጋዋለሁ» ብላ።

«ፓት? ማርሊስ ነኝ፣ ከሆልም።»

የፓት ኮሪጋን ድምፅ ወፍራም ስለሆነ እኔም እሰማው ነበር። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ አንቺ ለምን ትደውያለሽ? እጄን እንኳን በደንብ ጨብጠሽው አታውቂም።»

«ላስቸግርሽ ነው። አንዲት ልጅ አለችኝ። ዘጠኝ ቁጥር።»

 ቀልዱ ከፓት ድምፅ ጠፋ። «ግራኟ? በደንብ አውቃታለሁ። ማርሊስ፣ ከሌላ ኮሌጅ ለሚዛወሩ ያለን ቦታ በጣም ጥቂት ነው። ውጤቷ እንዴት ነው?»

«ካንቺም ከእኔም የተሻለ።»

«እሱማ ቀላል ነው።» ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማኝ። «እሞክራለሁ። ቃል አልገባም።»

«አትግቢ» አለች ማርሊስ። «በእግዚአብሔር፣ ቃል አትግቢ።»

ፓት ቢሮ ለቢሮ ዞራ፣ ተሟግታ አስገባቻት። የቤተሰቡ ገቢ ታይቶ፣ የጎደለው በሙሉ በዊትሞር ተሞላ፤ ልክ እንደ ቴሳ። ማርሊስ ዜናውን በስልክ ልትነግራቸው አልፈለገችም፤ ሮክፎርድ ድረስ ሄደች። ዴኒስ በሩን ከፈተች፤ ከደጃፉ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ዊትሞር ለጃኔል ጽፎላት ነግራኛለች። ኮሌጁን አመሰግናለሁ» አለች።

«ወይዘሮ ረስክ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«እኔ አውቶቡስ ነው የምነዳው። ብርድ ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ሰው አለ። ዛሬ ነዳጅ ተወደደ፣ አልመጣም አልልም። ልጄ ስድስት ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሰችም፣ ያውቃሉ? ይቅርታዎን ሰምቻለሁ። አሁን ልተኛ ነው፤ የማታ ፈረቃ አለብኝ።» በሩን ዘጋችው፤ ሳታላትም፣ ቀስ ብላ።

በቀጣዩ ክረምት በድሮው ምድባችን፣ በዘጠኝ ተጫዋች ብቻ ጀመርን። በጥር ወር ዊትሞር መጣ። ጃኔል ሃያ ስድስት ነጥብ አስቆጠረችብን። ማርሊስ ያን ቀን ቆማ መምራት አልቻለችም፤ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጨዋታው ሲያልቅ የፓትን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው። ጃኔል በተራዋ ስታልፍ «ኮች» ብላ ጨበጠቻትና አለፈች፤ ሌላ ቃል አልነበረም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ማርሊስ ሥራዋን ለቀቀች። አርዲስ ብትለምናትም እሺ አላለችም። አሁን በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት ታስተምራለች። ኮሌጁ አልተዘጋም፤ ኦርጋኑ ግን እንደተቆለፈ ነው። ፈንዱ ከተወሰደበት ጊዜ የባሰ ቀጥኗል፤ ቦርዱ ውስጥ አዳዲስ ሰዎች ገብተው ስለ አዲስ ስታዲየም ያወራሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

ጃኔል ስትመረቅ ማርሊስ ዊትሞር ሄዳ ነበር። የጠራት አልነበረም። የምርቃቱን ሰልፍ በኦርጋን የሚያጅበው ሮጀር ስለሆነ ከእሱ ጋር ሄዳ ከኋላ ቆመች። ዴኒስ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ልጇን አቅፋ ፎቶ ስትነሣ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ዴኒስ ለአፍታ አየቻት፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ልጇ መለሰች።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ሮጀር «እንዴት ነበር ጨዋታዬ?» ብሎ ጠየቃት።

«አልሰማሁትም ሮጀር። የሴትየዋን ፊት ነበር የማየው።»

«ገምቻለሁ» አላትና መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገላት።